እናቴ ለመሳለም፣ ልጆቼ ለማየት፦ ላሊበላ፣ ጎንደርና ጣና በአንድ ጉዞ

የፍራንክፈርቷ

ሰላም ለዚህ ቤት። እያነበብኩ ዝም ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ ብቅ አልኩ።

ለፈረንጆች ገና እረፍት ሁለት ልጆቼን ይዤ አገር ቤት እገባለሁ። ሴቷ 16፣ ወንዱ 13 ዓመቱ ነው። እዚሁ ጀርመን ነው የተወለዱት። አማርኛ ይሰማሉ፣ መልሱ ግን በጀርመንኛ ነው የሚመጣው። እናቴ አዲስ አበባ ናት። 70 አልፏታል፤ ጉልበቷ አስቸግሯታል። «ላሊበላን ሳልሳለም አልሙት» ስትል ነው ያደግኩት። ዘንድሮ አብረን እንውጣ ተባብለናል። ጎንደርና ባሕር ዳርንም ልጨምር አስቤያለሁ።

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። እናቴ የምትፈልገው ማስቀደስ፣ ደጁን መሳም፣ ጸበል መጠጣት ነው። ልጆቹ የሚፈልጉት ማየት፣ ፎቶ ማንሳትና «ለምን?» እያሉ መጠየቅ። እኔ መሀል ላይ ነኝ። ጥር ሲገባ ትምህርት ስለሚጀምሩ ጥምቀትን አንደርስም። ገናን ግን እንደርሳለን።

ላሊበላ በገና ነው የሚሻለው ወይስ ሕዝቡ ሳይመጣ? እናቴስ የትኛውን ደረጃ ትችላለች? አክሱምን ብጨምርስ?

ሮሃ በር

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ላሊበላ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። እንጀራዬም ማስጎብኘት ነው። ስለዚህ ትንሽ ባስረዝም አትቀየሚኝ።

ከእናትሽ ጉልበት እንጀምር። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በሁለት ወገን ናቸው፤ መሀላቸው ዮርዳኖስ የምንለው ወንዝ አለ። ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ለብቻው ነው። ለእናትሽ የሚመቻቸው የመድኃኔዓለምና የማርያም ወገን ነው። መድኃኔዓለም ከሁሉም ትልቁ ነው። መውረጃው አጭር ነው፤ ሰው ከደገፋቸው ይወርዱታል። ከዚያ በተፈለፈለች ጠባብ በር ወደ ቤተ ማርያም ይታለፋል። ቤተ ማርያም ውስጥ ጣሪያውና ቅስቱ ላይ ሥዕል አለ፤ ልጆቹ አንጋጠው ይዩት። እናትሽ እዚያ ግቢ ቁጭ ብለው ቢውሉ የሚጠግቡ አይመስለኝም። ሴቶች ልጅ ለማግኘት የሚጠመቁበት ኩሬም እዚያው ነው።

በሌላኛው ወገን ገብርኤል ወሩፋኤል፣ መርቆሬዎስ፣ አማኑኤልና አባ ሊባኖስ አሉ። ይሄ የልጆቹ ነው። ገብርኤል የሚገባው በድልድይ ነው፤ ከሥር ገደል ነው። ከዚያ ጨለማው ዋሻ ይመጣል። የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል። የስልክ መብራት አታብሩ። ቀኝ እጅ ግድግዳው ላይ፣ ግራ እጅ ከራስ በላይ፣ ጎንበስ ብሎ መሄድ ነው። ጣሪያው ዝቅ ሲል እጅሽ ይነግርሻል። እናትሽን በውጭ በኩል እናዞራቸዋለን።

ቤተ ጊዮርጊስ መውረጃው ረጅም ሰርጥ ነው፤ አለቱ በእግር ብዛት ተሞርዶ ያዳልጣል። ካልቻሉ ችግር የለም። ከላይ ሆነው የመስቀሉን ቅርጽ እያዩ መጸለይ ይቻላል። ብዙ አዛውንት እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።

የጉብኝት ሰዓት ከጠዋቱ 2 እስከ 6፣ ከሰዓት ደግሞ ከ8 እስከ 11 ተኩል ገደማ ነው። በየደጁ ጫማ ማውለቅ ስላለ ማሰሪያ የሌለው ጫማ አድርጉ። ወፍራም ካልሲም ያዙ። ምንጣፉ ቁንጫ አያጣም፤ ፈረንጆቹ ይሄን ከሁሉ በፊት ነው የሚማሩት።

ቦሌ ሚካኤል

ገናን ትቶ ላሊበላ? በፍጹም! ያለ ሕዝብ ሄደሽ ድንጋይ ነው የምታይው። ለድንጋይማ ጀርመንም ካቴድራል ሞልቷል።

የገና ለት ንጋት ላይ ቤተ ማርያም አጠገብ፣ ማሜ ጋራ፣ ካህናቱ ከላይ አለቱ ጫፍ ላይ ዙሪያውን ይቆማሉ። ሌሎቹ ከታች ግቢው ውስጥ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ» እያሉ ሲቀባበሉ፣ ነጩ ልብስ ከቀዩ ድንጋይ በላይ እኩል ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲወዛወዝ... ልጆችሽ ስልካቸውን ረስተው አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። ይሄን የምልሽ ቤተ ክርስቲያን በዓመት አንዴ የምሄደው ሰውዬ ነኝ።

ሮሃ በር

ወንድሜ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። አንድ ነገር ግን አልተናገርክም። ያንን ለማየት ሌሊቱን ሙሉ ቆመህ ነው ያደርከው፤ በብርድ። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ የታኅሣሥ ሌሊት አጥንት ይበሳል። ሕዝቡ ደግሞ ከራያ፣ ከዋድላ፣ ከደላንታ፣ አንዳንዱ በእግሩ ቀናት ተጉዞ ነው የሚመጣው። ከተማው ሰው እግር እያጠበ ያስተናግዳል። ግቢው ውስጥ መተላለፊያ አይኖርም። ከ70 በላይ የሆኑ እናት ጠባቡ መውጫ ላይ ሰው ሲገፋቸው ማየት አልፈልግም።

የኔ ምክር፦ ከበዓሉ ቀደም ብላችሁ ኑ። አብያተ ክርስቲያናቱን በጸጥታ እዩ፣ ተሳለሙ። ከዚያ ለገና እናትሽን በሌሊት አታስነሺያቸው። ሊነጋጋ ሲል ከላይ በኩል ቦታ ተይዞላቸው በርጩማ ላይ ይቀመጡ። ማደሪያ ግን ዛሬ ያዢ። በገና ሰሞን የሆቴል ዋጋ ሌላ ነው፤ እሱም ከተገኘ።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ጥያቄሽን አይቼ ደስ አለኝ። እናትሽን ማሰብሽ ያስመሰግንሻል።

አስጎብኚ ድርጅቶች ጉዞ የሚያወጡት በርቀት ነው፤ ከዚህ እዚያ ስንት ሰዓት እያሉ። አንቺ ግን ከተሳላሚ ጋር ነው የምትሄጂ። የተሳላሚ ጉዞ የሚወጣው በወር በዓል ነው። ታቦቱ የሚታሰብበት ዕለት ከደረስሽ ደብሩ ራሱ ይቀበልሻል። ማኅሌቱ አለ፣ ጠበል ጸዲቁ አለ፣ የአካባቢው ሰው ለብሶ ይመጣል። ልጆቹም ሥራ ላይ ያለ ቤተ ክርስቲያን ያያሉ፤ እናትሽም ያሰቡት ይሞላላቸዋል።

ቀኑን ልቁጠርልሽ። ታኅሣሥ 16 ኪዳነ ምሕረት ናት፤ በፈረንጅ ዲሴምበር 25 መሆኑ ነው። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አለች፤ ከባሕር ዳር በጀልባ። 19 ገብርኤል ነው። የዚያን ሰሞን ሕዝቡ ወደ ቁልቢ ስለሚተምም በምሥራቅ በኩል ምንም አታስቢ። በመሀል ጎንደርን እዪ። 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፤ ጃንዋሪ 1 መሆኑ ነው። ላሊበላ ለሁለቱም ቤት አላት። ከዚያ 29 ልደት።

አንድ ነገር አትርሺ። ያ ጊዜ ሁሉ ጾመ ነቢያት ነው። በጾም ቅዳሴ የሚወጣው ከቀትር በኋላ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ካልሆነ በቀር። ስለዚህ ልጆቹ ጠዋት ይጎብኙ፤ እናትሽ ጠዋት ይረፉ፤ ቀን ላይ ለቅዳሴ ይግቡ። ሁለቱም ሳይጋጩ ይውላሉ።

የፍራንክፈርቷ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ይሄን የሚነግር ሰው ነበር የፈለግኩት። ቀኖቹን ለእናቴ በስልክ ሳነብላት «16ን አትዝለይብኝ» አለችኝ። ኪዳነ ምሕረት ስለቷ ናት።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ልጄ ስለ ጣና ኢንተርኔት ላይ ስታነብ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት እንዳሉ አየች። «ወንድሜ ገብቶ እኔ ጀልባ ላይ ልጠብቅ? እኔ አልሄድም» ብላ ዘጋችው። ምን ልበላት?

ዘጌ ቡና

እሷም እውነቷን ነው፤ ግን ጀልባ ላይ የምትቀመጥበት ምክንያት የለም። ጣና ላይ ሴት የማይገባባቸው ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ አሉ። ዳጋ የነገሥታት አጽም ያለበት ነው፤ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም የዐፄ ፋሲልም። ክብራን አጠገብ ደግሞ እንጦስ ኢየሱስ የሴቶች ገዳም ነው። ሴት የምትገባባቸውም ብዙ ናቸው። ዘጌ ያሉት ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ ከሩቁ ደግሞ ናርጋ ሥላሴ።

ዑራን ከመረጣችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ጀልባው ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት አይሞላም። ጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል፤ እናትሽ ይታመማሉ። ስትሄዱ ደንገል የተሸከመ ታንኳ ታያላችሁ፤ ታንኳው ራሱ ከደንገል የተሠራ ነው። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሽቅብ ነው፤ በቡና ዛፍ ሥር ለሥር። የዘጌ ቡና ጫካ ነው፤ እርሻ አይምሰላችሁ። መንገዱ ዳር ዳሩን ትንንሽ መስቀልና ሥዕል የሚሸጡ አሉ። ሲወርዱ እንገዛለን በሏቸው፤ ስትወርዱ ግን ግዙ፤ ያስታውሷችኋል።

ውስጡ ክብ ነው። መቅደሱን የከበበው ግድግዳ ከታች እስከ ላይ ሥዕል ነው። አንዱን ጥግ ብቻ ይዛችሁ ብትቆሙ ቀኑ ይመሻል። በላዔ ሰብእን ፈልጉት። 78 ሰው የበላው ሰውዬ ለተጠማ ጭብጥ ውኃ ሰጥቶ በእመቤታችን ምልጃ ሲድን የሚያሳየው ነው። አንዱ አባት ዘንግ ይዘው እያመለከቱ ይተርኩላችኋል። የ13 ዓመት ልጅ ሌላውን ቢረሳ እሱን አይረሳም። ፍላሽ አይፈቀድም፤ ቀለሙን ይጎዳል።

አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አንጀምረውም። ባሕር ዳር ሽሮም ሞልቷል።

ሊሊ ዲሲ

ስለ ሴቶቹ ነገር ለምን ሁላችሁም ለስለስ እያላችሁ ታልፉታላችሁ? እኔ በ30 ዓመቴ አክሱም ሄጄ ከአሮጌው ጽዮን ማርያም በር ተመለስኩ። አብሮኝ የነበረው ፈረንጅ ቱሪስት ገባ። የት አገሩ ነው? ጽላቱ የጽዮን፣ ቤቱ የማርያም፣ ሴት አይገባም!

ሰንበቴ

እህቴ ገዳም ሥርዓት አለው። የወንዶች ገዳም ሴት አያስገባም፤ የሴቶች ገዳምም ወንድ አያሳድርም። ይሄ ንቀት አይደለም።

ሊሊ ዲሲ

አክሱም ጽዮን ማንም ወንድ የሚገባበት ደብር ነው እኮ፤ ገዳም ነው እያልከኝ ነው?

ሰንበቴ

ገዳም ነች አዎ። ደግሞ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ትልቁ ቤተ ክርስቲያን እዚያው ግቢ አለ፤ ሴትም ወንድም ይገባበታል።

የመድረኩ አስተናጋጅ

ይሄን ክርክር ለብቻው ክር ክፈቱለት። እዚህ ጉዞው ላይ እንቆይ።

ጡረተኛው መምህር

ከመለያየታችን በፊት ለልጅቷ አንድ ሐሳብ ልጨምር። የተከለከለችውን በር ከምታሳዪያት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯቸውን አሳዪያት። እቴጌይቱ እ.ኤ.አ. በ1730 ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር አገር ያስተዳደሩ ናቸው። ናርጋ ሥላሴ የእሳቸው ሥራ ነው። ጎንደር ቁስቋምም የእሳቸው ነው። ቁስቋም ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው፤ ቱሪስት አይበዛበትም። ቤተ መንግሥታቸው ፈርሷል፤ ግድግዳው ግን ቆሟል፤ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸ መስቀልና ምስል ይታያል። የእሳቸው፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አጽም በመስታወት ሥር ተቀምጦ ይታያል። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ እዚያ ቆማ ብዙ የምትጠይቀው ይኖራታል። አስጎብኚው ለመመለስ ይዘጋጅ።

አራዳ ጊዮርጊስ ጎንደር

መምህር አሳረፉኝ፤ ቁስቋምን ማንም አይጠቅስም ብዬ ልጽፍ ነበር።

ስለ ፋሲል ግቢ፦ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። ግቢው አንድ ግንብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ንጉሥ የአባቱን ትቶ የራሱን ሠርቷል። የፋሲል፣ የታላቁ ኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋ፣ የምንትዋብ፤ ሁሉም በአንድ ቅጥር ውስጥ ነው። የኢያሱ ቤት ጣሪያ የለውም። ጣልያን ግቢውን መምሪያ ስላደረገው እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዝ በአውሮፕላን ደብድቦታል። ወንድ ልጅሽ የአንበሳ ቤቱን ይወደዋል። ለእናትሽ ግቢው ሜዳ ነው፤ ፎቁን መውጣት አይጠበቅባቸውም፤ ጥላ ሥር ይቀመጡ።

ለእሳቸው ግን ጎንደር ማለት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ጣሪያው ሙሉ የመላእክት ፊት ነው፤ ከመቶ በላይ። ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ቆም ብለሽ ስታይ ግን የቅንድቡ አሳሳል ይለያያል፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ያያል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ይሄ ቤተ ክርስቲያን ተርፏል። ንብ ወጥቶ አባረራቸው ብለን ነው እኛ ያደግነው። ደረጃ የለውም ማለት ይቻላል። ልጆቹ ወለሉ ላይ በጀርባቸው ልተኛ እንዳይሉ አስጠንቅቂ፤ ፈረንጆች ይሞክሩታል፤ ደስ አይልም።

ጥምቀት ባትደርሱም የፋሲል መዋኛን ዝለሉ እንዳትሉ። ውኃ ባይኖርበትም የዛፎቹ ሥር አጥሩን ሰንጥቆ፣ ድንጋዩን አቅፎ ሲወርድ ማየት ብቻ ይበቃል።

አንድ ኢንጂነር

ሮሃ በር፣ ላሊበላ ላይ ያሉት ትልልቅ ጣሪያዎች አሁንም አሉ? ልጆቹን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ፎቶ ላይ ያዩትና የሚያገኙት አይገናኝም።

ሮሃ በር

አሉ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የተተከሉ ናቸው። አለቱ ለስላሳ ስለሆነ ዝናብ እንዳይበላው ነው፤ ጊዜያዊ ተብለው ነበር። እኛ የከተማው ልጆች ምሰሶው ራሱ አለቱን እንዳይጫነው ስንፈራ ኖረናል፤ ሕዝቡም ሰልፍ ወጥቶበታል። መጠለያ ባይኖር ደግሞ ስንጥቁ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ቤተ ጊዮርጊስ ግን ክፍት ነው፤ ሰማይ ብቻ ነው በላዩ ያለው። ፎቶ ለሚፈልጉ እሱ አለላቸው፤ ከሰዓት 10 ሰዓት አካባቢ ብርሃኑ ጥሩ ነው።

ሐወልቲ

አክሱምን ጠይቃ ሁሉም ዝም አላት። እኔ ልመልስ።

አክሱም በልጆችሽ ዕድሜ ሊታይ የሚገባው ነው፤ ግን በዚህ ጉዞ አትጨምሪው። ሦስቱን በወጉ ካየሽ ጊዜ አይተርፍሽም። ሐውልቶቹን በሩጫ ማየት ያሳዝናል። ከሮም የተመለሰው 24 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ፋሽስቶች ወሰዱት፤ በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ በሦስት ተቆርጦ በአውሮፕላን መጣ፤ በ2000 ዓ.ም. ቆመ። የወደቀው ትልቁ 33 ሜትር ነው፤ 520 ቶን ይገመታል። ሥሩ ላይ ጎንበስ ብለሽ የተቀረጸውን በር ብታይ መቀርቀሪያው ሳይቀር በድንጋይ ወጥቷል። የማይከፈት በር ላይ መቀርቀሪያ! በሦስት ቋንቋ የተጻፈው የዒዛና ድንጋይም አለ፤ ግዕዝ፣ ሳባና ግሪክ። ጀርመን አገር ጂምናዚየም በሚሉት ሁለተኛ ደረጃ ግሪክ የሚማር ልጅ ካለሽ ያነብልሻል።

ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ነው። እናትሽን ለዚያ ለብቻ አምጫቸው። ደግሞ ልጆቹ ጎረምሶች ስለሆኑ ከአክሱም ጋር ገርዓልታን ታያይዣለሽ። የገደሉ ቤተ ክርስቲያን አቡነ የማታ ጉህ ላይ በባዶ እግር፣ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ እየያዙ መውጣት አለ። እናት ሆነሽ ባታይው ይሻላል፤ ከታች ጠብቂ።

ቢላል ነኝ

አክሱምን ካላችሁማ ነጃሺን እንዴት ትረሳላችሁ? ከመቀሌ ወደ አዲግራት መንገድ ላይ፣ ውቅሮን አለፍ ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ተከታዮቻቸውን «ማንም የማይበደልበት ንጉሥ አለ» ብለው ወደ ሐበሻ የላኳቸው ታሪክ ነው። የነዚያ ተከታዮች፣ የሰሐቦቹ፣ መቃብር እዚያ ነው። ቱርኮች አድሰውት ነበር፤ በጦርነቱ መስጊዱም ሚናራው ተመታ። ፍራንክፈርት የምትኖሪ ከሆነ የልጆችሽ ጓደኞች ግማሾቹ ቱርኮች ናቸው መቼም። «የመጀመሪያው ሂጅራ (ስደት) የእናታችን አገር ነው» ብለው ቢያወሩ ክፍሉ ጸጥ ይላል። እኔ ጅዳ እያለሁ ይሄን ታሪክ ስናገር ሰው ሻይ ይጋብዘኝ ነበር።

የፍራንክፈርቷ

ወንድሜ አልተሳሳትክም፤ የልጄ የልብ ጓደኛ ቱርክ ነው። ለሚቀጥለው ከአክሱም ጋር መዝግቤዋለሁ።

ቀይ ሻይ

ማንም ሳያነሳው እንዳይቀር፤ የመንገዱ ነገር። ከከተማ ከተማ በመኪና የሚባለውን እርሺው። ባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰላሙ ጊዜ ቁርስ በልተን ወጥተን ለምሳ እንደርስ ነበር። አሁን ግን በአውሮፕላን ብቻ ሂዱ፤ አዲስ አበባ ተመልሶ መነሳት ቢኖርም ይሁን። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንት እዚያው ከሚኖር ሰው ጋር ደውላችሁ ተነጋገሩ፤ ከሆቴሉም ከአስጎብኚውም። ሁኔታው ካልተመቸ አንዱን ከተማ ለማስቀረት ከአሁኑ ልባችሁን አዘጋጁ። ዓለም አቀፍ ቲኬትሽን ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቆረጥሽ የአገር ውስጡ በረራ ይቀንስልሻል፤ ስትገዢ ጠይቂ።

ልጆቹ የጀርመን ፓስፖርት ካላቸው ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አውጪላቸው። ቪዛ ይቀርላቸዋል። የመግቢያ ዋጋ ለዜጋና ለውጭ ሰው ስለሚለያይ የልጆቹን በየትኛው እንደሚያስቡት ትኬት ቢሮ ላይ ካርዱን አሳይተሽ ጠይቂ።

ጥቅል ጉዞ የሚሸጡትንም ተጠንቀቂ። እኛን አንዱ (ስሙን ልተወው) አራቱንም ከተማ በአንድ ሳምንት አጭቆ ወሰደን። አክስቴ ላሊበላ ላይ ጸበል ልጠጣ ብላ ስትሰለፍ ሹፌሩ ክላክስ ያደርግባት ነበር።

የፍራንክፈርቷ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እስካሁን ያሰብኩት ይሄን ይመስላል። 16ን ባሕር ዳር፣ ዑራ። ናርጋ ሩቅ ስለሆነ እናቴን አላንገላታትም። ከዚያ ጎንደር፦ ሥላሴ ለእናቴ፣ ግቢው ለወንዱ፣ ቁስቋም ለሴቷ። በ20 አካባቢ ላሊበላ ገብተን እስከ ገና እንቆያለን። ማርያምንም ጊዮርጊስንም እዚያው እናከብራለን። ልጄ ቁስቋምን በኢንተርኔት አይታ «እሺ እሄዳለሁ» ብላለች፤ በአማርኛ ነው ያለችው። አክሱም፣ ገርዓልታና ነጃሺ ለሌላ ጊዜ።

ሆቴል ያዝኩ። ሮሃ በር፣ በውስጥ መልእክት ጽፌልሃለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ከ23 እስከ 28 ባለው ክፍት ጊዜ ይምርሐነ ክርስቶስ ወይስ አሸተን ማርያም? እናቴ ሁለቱንም ትላለች፤ ጉልበቷ ግን አንዱንም አይልም።

ሮሃ በር

መልእክትሽን አይቻለሁ፤ ዛሬ ማታ እመልሳለሁ።

ለእናትሽ ይምርሐነ ክርስቶስ። መኪና ቅርብ ድረስ ይደርሳል፤ የሚቀረው ደረጃ ነው። በጽድ መሀል ነው የሚወጣው፤ በየመሀሉ ማረፊያ አለ። ከላሊበላ የቀደመ ነው። ዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ተደራርቦ የቆመ ቤት ነው፤ እንጨቱ ጥቁር፣ ድንጋዩ በነጭ የተለሰነ። ከኋላው ዋሻው ጨለም ይላል፤ እዚያ ለመሞት የመጡ ተሳላሚዎች አጽም ተከምሯል። ለልጆቹ ቀድመሽ ንገሪያቸው። እሳቸው ግን አይደነግጡም፤ የኔ እናትም አልደነገጠችም፤ ቁጭ ብላ ጸለየችላቸው።

አሸተን ለልጆቹ። በእግር ሽቅብ ነው፤ ጠዋት በ12 ሰዓት ብንነሳ ፀሐይ ሳይበረታ እንደርሳለን። እናትሽ «እኔም እሄዳለሁ» ካሉ በበቅሎ ይቻላል። ነገር ግን ሲወርዱ በቅሎው ላይ መቀመጥ የለም፤ ቁልቁለቱ ላይ ወርዶ መሄድ ነው፤ ጉልበት የሚጎዳው ደግሞ እሱ ነው። የበቅሎ ዋጋ ከባለቤቱ ጋር ሳትወጡ በፊት ተነጋገሩ፤ ደርሶ መልስ መሆኑን አስረግጣችሁ። ጎታቹም የሱ ክፍያ ለብቻ መሆን አለመሆኑን ጠይቁት።

ነጠላ ለልጅቷ ከላሊበላ ቅዳሜ ገበያ እንግዛላት፤ ከአዲስ አበባ አትሸከሙ።